«ከዚህ ውሰድልኝ» አትበሉት

ይህን የምጽፈው ቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛና ለሚሸጥ፣ ማዳበሪያ ተሸክሞ ሰፈር ለሰፈር ለሚዞር ቆራሌ፣ ልጁን ከብት ጥበቃ ለሚልክ፣ አሮጌ ቤት ለሚያፈርስ፣ መሠረት ለሚያስቆፍር ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የብረት መረከቢያ ግቢ አለን። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚህ ሥራ ነው። ብረት ይመጣል፣ እንመዝናለን፣ እንለያለን፣ መኪና ሲሞላ ለማቅለጫ ፋብሪካ ይጫናል። ከላሜራው፣ ከፌሮው፣ ከተሰበረው አልጋና ከአሮጌው ዲናሞ መሃል ግን አንዳንዴ ሌላ ነገር ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ አንብባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ሰው ፈንጂ የሚመስል ነገር ይዞ ደጃችሁ ከመጣ «ከዚህ ውሰድልኝ» አትበሉት። እዚያው የቆመበት ቦታ ላይ ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጠው። ከዚያ እሱም እናንተም ራቁ፣ ሰው አርቁ፣ ለፖሊስ ደውሉ።

በእኛ ሥራ የተለመደው ግን ሌላ ነው። ልጁ ማዳበሪያውን ሲፈታ ባለ ሚዛኑ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይጮኻል። «ጥፋ ከዚህ! ልታስጨርሰን ነው እንዴ!» ይለዋል። ልጁም ደንግጦ ያንኑ ነገር መልሶ ትከሻው ላይ ያደርገዋል። ከዚያ የት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም። ወላሂ፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጁ ወደሚቀጥለው መረከቢያ ነው የሚሄደው። እዚያም ያባርሩታል። ሲደክመው ወይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይ የሰው አጥር ሥር ያስቀምጠዋል፣ ወይ ደግሞ «ብረት ብቻ ቢመስል ይገዙኛል» ብሎ ራሱ በመዶሻ ሊፈታው ይቀመጣል። እኛ ያዳንነው ግቢያችንን ብቻ ነው፤ አደጋው በልጁ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ሄደ።

እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይመጣል ብሎ የሚገረም አለ። የእኛ አገር ምሥራቁ ስንት ጦርነት አይቷል። በመጋቢት 1928 ጣሊያን ሐረርን ከአየር ደብድቧል። በመጋቢት 1933 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር የማርዳን ተራራ መተላለፊያ ጥሶ፣ በባቢሌ በኩል አድርጎ ሐረርም ድሬም ገባ። ከዚያ የዚያድ ባሬ ወረራ መጣ። ነሐሴ 1969 ላይ ጦሩ ድሬዳዋ ጫፍ ደርሶ ነው የተመለሰው። ሐረር ዙሪያም ውጊያ ነበር፤ ካራማራ ላይ በየካቲት 1970 ድል እስኪሆን ድረስ በዚህ ሜዳ ላይ ያልተተኮሰ የመሣሪያ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ከተተኮሰው ውስጥ ሁሉም አይፈነዳም። ያልፈነዳው አፈር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዝናብ ሲያጥበው፣ ጎርፍ ሲገለብጠው፣ ማረሻ ሲያገኘው ይወጣል። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያየ ሰው ውኃ ምን ያህል ነገር ከተራራ ጠርጎ እንደሚያወርድ አይነገረውም። ለዚህ ነው ከክረምት በኋላ በግቢያችን ዓይናችንን የምናበዛው።

አሁን ልጁን ልንገራችሁ። ስሙን አልጽፍም። የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ከከተማ ወጣ ካለ ገጠር ብረት እየለቀመ የሚያመጣ፣ እኛ ጋ ደንበኛ የሆነ። የዚያን ቀን በባጃጅ መጣ። ማዳበሪያው ከባድ ስለነበር ነው። ባጃጁ ውስጥ ሌሎች ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ አንዷ ሴትዮ ቀፊራ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ነበረች፣ ማዳበሪያው እግሯ ሥር ነው የተቀመጠው። ልጁ ሲወርድ ማዳበሪያውን ጎተተውና የታችኛው ጫፍ ከባጃጁ ብረት ጋር «ቋ» አለ። ድምፁ የባዶ ብረት ድምፅ አልነበረም። የብረት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ጆሮው ያውቃል፤ ባዶ ቱቦ ይጮኻል፣ ድፍን ነገር ያፍናል።

ባለቤቴ «ምንድነው ያመጣኸው?» አለው። ልጁ በኩራት አፉን ፈታ አደረገና አሳየን። ቡናማ ዝገት የለበሰ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ አንድ ጫፉ የሾለ። ከታች ወገቡ ላይ ቀለበት አለው፣ የመዳብ ቀለበት። ልጁ ያንን መዳብ በድንጋይ ፋቅ ፋቅ አድርጎት ያበራል። «እትዬ፣ መዳብ አለው፣ ለብቻው መዝኑልኝ» አለኝ። መዳብ ከብረት እንደሚወደድ ያውቃላ።

ባለቤቴ አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽር፣ እሱን እዚያው መሬት ላይ ቀስ አድርገህ ተወው፣ አትጎትተው፣ ና ወደ እኔ» አለው። ልጁ አስቀመጠ። ባጃጅ ሹፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል በእጅ አስቆምነውና ሰዎቹ ወርደው በእግራቸው እንዲሄዱ አደረግን። ሠራተኞቻችን ውስጥ አንዱ ግራይንደር ላይ ነበር፤ እሱንም አስቆምነው። ከዚያ ሁላችንም በኋላ በር ወጣን። ጎረቤቶቻችንን በር በር እያንኳኳን «ልጆች ይዛችሁ ውጡ፣ ወደ መንገዱ ማዶ እለፉ» አልን። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ «ምን ሆነ?» ብሎ ወደ እኛ ግቢ ይሮጣል። ከሁሉም ያስቸገረን ይሄ ነው። የፈንጂ ወሬ ሲሰማ ሰው መሸሽ ሲገባው ለማየት ይመጣል፣ ይባስ ብሎ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

ስልክ የደወልነው ከግቢው ከራቅን በኋላ ነው። ጠርጥራችሁ ባላችሁበት ቦታ ቆማችሁ አትደውሉ፤ ራቁና ደውሉ። መጀመሪያ የደወልንለት ጣቢያ ስልኩን ያነሳው ሰው ምን እንዳለን ታውቃላችሁ? «እዚህ ይዛችሁት ኑ።» ይሄ ለእኛ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ሌሎችም ተብለዋል። እንዲህ ከተባላችሁ እሺ አትበሉ። በትሕትና «አናንቀሳቅሰውም፣ እናንተ ኑ፣ ፈንጂ የሚያመክን ባለሙያ ይጠራልን» በሏቸው፤ የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነሳውን ሰው ስም ያዙ። ካልሆነ ሌላ ቦታ ደውሉ። እኛም ሌላ ደወልን፣ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። ፖሊሶች መጥተው መንገዱን ዘጉ፣ ከዚያ አምካኞቹ መጡ።

እስኪመጡ ድረስ አብሮን የነበረው ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ነው። ጡረታ የወጣ የጦር መሐንዲስ ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ ፈንጂ ሲያነሳ የኖረ። እሱም ቢሆን አልቀረበም። ይሄ በጣም ገርሞኛል። «ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል፣ አንዴ ቢያዩት?» አለው አንድ ጎረምሳ። «የማውቀው ስለሆነ ነው የማልቀርበው» አለው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ባለቤቴ መጀመሪያ ሲወጣ ያነሳውን ፎቶ ስልክ ላይ አስፍቶ አየው። ጣቱን መዳቡ ላይ አደረገና «ይቺን አያችሁ?» አለን። ልጁ ፍቆ ያበራው መዳብ ላይ የተንሻፈፉ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ፣ እኩል እኩል ተራርቀው የተሰመሩ። የድንጋይ ጭረት መስሎን ነበር። «ይሄ የመድፉ አፈሙዝ ጭረት ነው። ተተኩሷል ማለት ነው። ተተኩሶ አልፈነዳም» አለ።

ያልገባን ነገር ይሄ ነበር፣ እናንተም ልብ በሉት። ያልተተኮሰ የመድፍ ጥይት ማፈንጃው ገና በጥበቃው ላይ ነው። የተተኮሰው ግን ከአፈሙዝ ሲወጣ ጥበቃውን ሁሉ ጥሎ ለመፈንዳት ተዘጋጅቷል፣ መሬት ሲመታ አንድ ነገር ያዘውና ቆመ። ምን እንደያዘው ማንም አያውቅም። ትንሽ ዝገት ሊሆን ይችላል፣ የተጣመመ መርፌ ሊሆን ይችላል። በባጃጅ ሲንገጫገጭ፣ በድንጋይ ሲፋቅ ያ የያዘው ነገር ሊለቅ ይችል ነበር። ሴትዮዋ እግር ሥር።

«አርባ ዓመት መሬት ውስጥ የተኛ ነገር ምን ይሠራል፣ በስብሷል» የሚል ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል። ዝገት ፈንጂ አያመክንም። ላዩ ይዝጋል እንጂ ውስጡ ያለው ዋናው ባሩድ ለአሥርት ዓመታት እንዳለ ይቆያል። ማፈንጃው ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ይብሱን ይከፋል። ሃምሳ አለቃ እንዳስረዳን ውስጡ ያለው የማቀጣጠያ ኬሚካል እርጥበት ገብቶት ከመዳብ ጋር ሲነካካ በትንሽ ንክኪ የሚነሳ ሌላ ነገር ይወልዳል። ስለዚህ ያረጀው ከአዲሱ ሊብስ ይችላል። የእጅ ቦንብም እንደዚያው ነው። ቀለበቷ የወጣ፣ የዛገች፣ ልጆች ኳስ የሚያደርጓት ቦንብ የሞተች አይደለችም። ኤፍ ዋን የምትባለዋ፣ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቃት፣ ስብርባሪዋ እስከ 200 ሜትር ድረስ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ባለው ጊዜ ነው፤ ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

አምካኞቹ ሲመጡ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ መጠየቅ ነበር። ወደ ግቢው አልሮጡም። ልጁን ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ውኃ ሰጥተው፣ በሚያውቀው ቋንቋ ጠየቁት። የት አገኘኸው? ሙሉ በሙሉ መሬት ውስጥ ነበር ወይስ ጫፉ ይታያል? ወድቆብሃል? በምን ፋቅከው? ሌላ አለ እዚያ ቦታ? ልጁ መጀመሪያ የሚያስሩት መስሎት እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አንደኛው «አንተ እኮ ነህ የምትረዳን» ሲለው ነው የተናገረው። እዚያው ሌላም እንዳለ ተናገረ፤ ሁለተኛውን ስለከበደው ትቶት ነው የመጣው። አስቡት፣ ጮኸን ብናባርረው ኖሮ ይሄን ማን ይነግረን ነበር? ልጁን ማቆየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ነገሩ የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሥራቸው ሕግ ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ አይቀርብም፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠፋው አንድ እንዲሆን። ይሄን ስሰማ ሆዴ ተንሰፈሰፈ። በድሬ ሙቀት፣ በቀትር፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን መከላከያ ልብስና የራስ ቁር አድርጎ ቀስ እያለ ሄደ። ተንበረከከ። ለረጅም ጊዜ እጁ ምንም አልነካም፣ ዝም ብሎ ያየው ነበር። ተመለሰ፣ ልብሱን ፈቱለት፣ ውኃ ጠጣ፣ ተነጋገሩ። የአሸዋ ከረጢት አስመጥተው ዙሪያውን ከለሉት። ሰዓቱ ሄደ፣ ሰው መነጫነጭ ጀመረ። «ምን ያቆያቸዋል፣ አንስተው አይሄዱም እንዴ!» የሚል ነበር፤ በርጫው ያመለጠው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይነጫነጫል። እባካችሁ እንደዚህ አትበሉ። የዚያ ሰው ሥራ በፍጥነት የሚሠራ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፣ የእሱ ሥራ በሕይወት መመለስ ነው። በመጨረሻ አሸዋ የተነጠፈበት መኪና ላይ ጭነው ከከተማ አውጥተው አፈነዱት። እዚህ ሆነን ሰማነው፤ ቆርቆሮአችን ተንቀጠቀጠ። የልጁን ፊት አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባው።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ቡና ሊጠጣ መጣና ብዙ አወራን። ለእሱ የመድፍ ጥይትና የተቀበረ ፈንጂ ብዙም አያስፈራውም። «ፋብሪካ የሠራው ነገር መልክ አለው፣ ቁጥር አለው፣ መጽሐፍ አለው። ከየት አገር እንደመጣ ካወቅህ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ» አለን። የሚያስፈራው ሰው በእጁ ቀጣጥሎ የሚሠራው ነው። እሱ መጽሐፍ የለውም። የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በሰዓት ይሁን፣ በስልክ ይሁን፣ በመነካት ይሁን፣ በመንቀሳቀስ ይሁን። ጄሪካን ሊመስል ይችላል፣ የጋዝ ሲሊንደር ሊመስል ይችላል፣ ሬዲዮ ሊመስል ይችላል፣ ተራ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሮቦት የሚላከው። እንግሊዞች በሰሜን አየርላንድ በየመኪናው ፈንጂ ሲጠመድባቸው ፒተር ሚለር የሚባል ሌተናል ኮሎኔል በ1972 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሄድ የእጅ ጋሪ ወስዶ ከርቀት የሚታዘዝ አደረገው፣ የዛሬዎቹ ሮቦቶች አያት ያ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያመክኑት በከባድ ግፊት ውኃ ተኩሰው ነው፤ ውኃው ሽቦውንና ባትሪውን ከመፈንዳቱ በፊት ይበታትነዋል። ጎረምሶቹ በዱላ ነካ ነካ አድርገው ሊያዩት የሚሞክሩት ነገር ይሄ ነው።

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ መያዣ ቦታ ላይ ባለቤት የሌለው ጥቁር ቦርሳ ተገኘ። ሰዓቱ የሰው መሄጃ ነው። መጀመሪያ ያየችው ሻይ የምትሸጥ ልጅ ናት። በየቀኑ እዚያ ስለምትቀመጥ የቦታውን ነገር ሁሉ ታውቃለች፤ ይሄ ቦርሳ የዚያ ቦታ አይደለም። ሰዎችን ጠየቀች፣ «የማነው?» አለች፣ የኔ ነው የሚል ጠፋ። ምድጃዋን፣ ሲኒዋን፣ ገንዘቧን ሁሉ እዚያው ትታ ተነሳች፣ ሹፌሮቹን «ባጃጆቻችሁን ተዉ፣ በእግራችሁ ውጡ» አለች። ተሰብስቦ የነበረው ሰው ተበተነ። አምካኞቹ ተጠርተው መጥተው ቦርሳው ሲከፈት ልብስና ዳቦ ነበር፣ አንድ መንገደኛ ረስቶት ነው። አንዳንዱ ሳቀባት። አምካኞቹ ግን አልሳቁም፤ አንደኛው እጇን ጨብጦ አመሰገናት፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ፈንጂ ያልሆነ ነገር ላይ ተጠርተው መምጣት የሥራቸው ግማሽ ነው፣ አይቆጡም። እኔም እላችኋለሁ፣ በጥርጣሬ የጠፋ ግማሽ ቀን አያስቆጭም።

እዚህ ላይ አንድ በደንብ የማይታወቅ ነገር አለ። በእጅ የተሠራ ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው አንዳንዴ ሁለት ያጠምዳል። አንደኛው ይፈነዳል፣ ሰው ሊረዳ ይሮጣል፣ ወይ የሸሸው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሸሽታችሁ ስትቆሙ የቆማችሁበትንም ቦታ ቃኙት። ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ የቆመ መኪና አጠገብ አትሰብሰቡ። መስታወት አጠገብም አትቁሙ፤ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ በመስኮት ሲያይ ነው የሚጎዳው፤ ስብርባሪው ባይደርስ መስታወቱ ይደርሳል። ግድግዳ ጀርባ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ነው መሆን ያለበት። በሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦንብ ሲወረወር ሰው ምን ያህል እንደተረጋገጠ በቴሌቪዥን ሁላችሁም አይታችሁታል። ሕፃን ከያዛችሁ እቀፉት፤ በእጅ እየጎተታችሁ አትሩጡ።

ሰው ቢጎዳስ? የሚደማ ከሆነ ጨርቅ አድርጋችሁ በሙሉ ኃይላችሁ ተጫኑት፣ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሱት። እጅ ወይም እግር ላይ ከሆነና በመጫን ብቻ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩና ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ቀጭን ገመድ ወይም ሽቦ አይሁን። ቁስሉ ውስጥ የገባ ብረት አትንቀሉ። ቡና አትነስንሱበት፣ አፈር አታድርጉበት፤ ይሄ ልማድ እኛ ጋ አሁንም አለና ነው የምናገረው። ምንም ያልነካው የሚመስል፣ ቆሞ የሚሄድ፣ ጆሮው ብቻ የጮኸበት ሰውም ሐኪም ጋ ይሂድ። የፍንዳታ ግፊት ከውጭ ሳይታይ ሳንባና አንጀት ይጎዳል፣ ሰውየው «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ገብቶ ማታ ሊወድቅ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የሠፈራችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ በድንጋጤ ሰዓት ቁጥር አይፈለግም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከገንዘቡ ነው የሚጀምረው። ያ ልጅ ጀግንነት ሊያሳይ አይደለም የመጣው። ቤቱ ዱቄት አልቋል። ከባድ ብረት ብዙ ኪሎ ነው፣ መዳብ ካለው ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው። እኛ «አንገዛም» ስንለው የቀኑን እንጀራ ነው የምንነሳው። በሌላ በኩል ለመድፍ ጥይቱ ከፍለን ብንልከው በማግስቱ ሁለተኛውን ይዞ ይመጣል፣ ጓደኞቹንም ይልካል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ትንሽ ሰጥታችሁ ተገላገሉት» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለፈንጂ አንድ ብር ከተከፈለ ሌላ ልጅ ሊፈልገው ይወጣል።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። በማዳበሪያው ውስጥ ሌላ የነበረውን ብረት በጥሩ ዋጋ ገዛነው። ምሳ በላ። መመለሻውን ቻልነው። ለመድፍ ጥይቱ ግን ምንም አልከፈልንም፣ ለምን እንዳልከፈልንም ቁጭ ብለን ነገርነው። አምካኞቹ ሁለተኛውን ሊያነሱ ሲሄዱ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከሩቅ ቦታውን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ አይነካም፣ አካባቢው ላይ ድንጋይ ከምሮ ወይም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ምልክት ያደርግና ሮጦ ይናገራል። ምልክቱን የሚያደርገው ከነገሩ ርቆ፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ነው። ይሄን ያስተማረው ሃምሳ አለቃ ነው። የተቀበረ ፈንጂ ያለበት ሜዳ ውስጥ መግባታችሁን ከጠረጠራችሁ ቁሙ፤ መሬቱ ላይ የራሳችሁ ኮቴ በደንብ ከታያችሁ በዚያው ላይ ብቻ ተመለሱ፣ ካልታያችሁ ባላችሁበት ቆማችሁ ጩኹ። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ1997 አጽድቃለች፤ መሬት ውስጥ ያለው ግን ስምምነት አያውቅም፣ እስኪነሳ ድረስ ይጠብቃል።

ለመረከቢያ ባለቤቶች በተለይ የምለው አለኝ። የተዘጋ ነገር አትግዙ። ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ቱቦ፣ ጅራቱ ላይ ክንፍ ያለው፣ አንድ ጫፉ የሾለና ወገቡ ላይ መዳብ የታሰረበት፣ ሲያንኳኳ ድምፁ የታፈነ፣ ሚዛን ላይ አይወጣም። ጋዝ መቁረጫ የያዘው ሠራተኛችሁ በኮንትራት ስለሚከፈለው ይቸኩላል፤ ምን እንደሚቆርጥ ሳያይ እሳት አያስጠጋ። የምታስረክቡበት ፋብሪካም ምድጃ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ፣ እናንተ ያለፋችሁት እነሱ ላይ ነው የሚደርሰው። ቀለህ ብቻ ነው ብለው የሚያመጡትንም አንድ በአንድ እዩ፣ ከባዶው መሃል ያልተተኮሰ ጥይት ይደባለቃል። ባጃጅ ሹፌሮችም ከባድ ማዳበሪያ ስትጭኑ «ምንድነው?» በሉ፣ ነውር የለውም።

እኛ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ የማንቀበላቸውን ነገሮች ሥዕል ለጥፈናል። ሃምሳ አለቃ ነው በእርሳስ የሣላቸው፣ የትምህርት ቤት ልጃችን ቀለም ቀባቻቸው። ከሥሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፏል፤ ብረት የሚያመጡልን ልጆች ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ግን ሥዕሉን አተለቅነው። ሌላ መረከቢያ ያለው ሰው መጥቶ ፎቶ ቢያነሳው ደስ ይለናል፤ ሁለት ባልደረቦቻችን አንስተው ግቢያቸው ለጥፈውታል።